ኤርኩፕ ወይስ ሴስና 150? ስለ 1,320 ፓውንዱ ገደብና ስለ ድሮዎቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፤ የስፖርት ፓይለት ላይሰንስ አለህ፤ የሕክምና ሰርተፊኬት ስለሌለህ በመንጃ ፈቃድህ ነው የምታበረው። “ላይት ስፖርት ይገባል” (ለስፖርት ፓይለት በተፈቀደው የቀላል አውሮፕላን ገደብ ውስጥ ነው) ተብሎ ዋጋው ከፍ ያለ የ1946 ኤርኩፕ 415-ሲ እና ረከስ ያለ ሴስና 150 አግኝተሃል። ከ1,320 ፓውንድ በታች የሚገቡት የድሮ አውሮፕላኖች የትኞቹ ናቸው ብለህ ጠይቀሃል።

ዋናውን ላስቀድም። ያ የክብደት ገደብ ለስፖርት ፓይለት ከኦክቶበር 22 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። በጁላይ 2025 የወጣው፣ ሞዛይክ የሚባለው የኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ሕግ በክብደቱ ቦታ የስቶል ፍጥነትን፣ ማለትም ከዚያ በታች ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተውን ፍጥነት ተካ። ሁለቱም አውሮፕላኖች ይፈቀዱልሃል። “ላይት ስፖርት ይገባል” ለሚለው ቃል ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈል። እንዲያውም እንደማሳይህ፣ ያ ቃል ያስወደደው አውሮፕላን ለሁለት ሰው የሚያንሰው ሊሆን ይችላል።

የድሮውን ሕግ ግን ማወቅ አለብህ፤ ሻጮች አሁንም የሚናገሩት በእሱ ቋንቋ ነው። በ2004 ሲወጣ ለየብስ አውሮፕላን 1,320 ፓውንድ ፈቀደ፤ 600 ኪሎ፣ ማለትም ስድስት ኩንታል ነው። ውኃ ላይ ለሚያርፍ 1,430። ከዚያ ሌላ ከሁለት ያልበለጠ መቀመጫ፣ አንድ የፒስተን ሞተር፣ የማይታጠፍ ጎማ፣ በበረራ ላይ አንግሉ የማይቀየር ፕሮፔለር፣ ከ120 ኖት (ኖት በሰዓት አንድ ኖቲካል ማይል ነው) ያልበለጠ ፍጥነት፣ ያለ ፍላፕ (በክንፉ ጀርባ ወደ ታች የሚወርደው ክፍል) ከ45 ኖት ያልበለጠ ስቶል። ክብደት ሲል ሚዛን ላይ የሚታየውን አይደለም፤ ታይፕ ሰርተፊኬቱ (የሞዴሉ የመንግሥት ማረጋገጫ) የፈቀደውን ከፍተኛ የመነሻ ክብደት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። “ሴስና 150 ባዶውን ከ1,000 ፓውንድ ትንሽ ነው የሚያልፈው፣ ብቻዬን በግማሽ ነዳጅ ብበር ከ1,320 አልዘልም” ይላል። ወረቀቱ ግን እንደ ሞዴሉ 1,500 ወይም 1,600 ስለሚል አይገባም ነበር። ክብደቱ ቢፈቀድ እንኳ ያለ ፍላፕ 55 ማይል በሰዓት ላይ፣ ማለትም 48 ኖት አካባቢ ስቶል ስለሚያደርግ በዚያ ይወድቅ ነበር።

በዚያ ሕግ ይገቡ የነበሩት በአብዛኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማና ማግስት የተሠሩት ናቸው። ፓይፐር ጄ-3 ኩብና ተከታዩ ፒኤ-11 ሁለቱም 1,220 ፓውንድ ናቸው። ኤሮንካ 7ኤሲ ቻምፕም 1,220፤ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው 11ኤሲ ቺፍ 1,250፤ ቴይለርክራፍት ቢሲ-12ዲ 1,200፤ ለስኮምብ 8ኤ 1,260፤ ኤርኩፕ 415-ሲ 1,260። ስማቸው ተመሳስሎ የማይገቡት ደግሞ እነሆ፦ ቻምፕ 7ኢሲ 1,450 ነው፤ ሱፐር ቺፍ 11ሲሲ 1,350፤ ለስኮምብ 8ኢ እና 8ኤፍ 1,400፤ ኤርኩፕ 415-ዲ 1,400፤ ሴስና 120 እና 140 ሁለቱም 1,450። ከእነዚህ ሁሉ የአፍንጫ ጎማ ያለው ኤርኩፕ ብቻ ነው። ሌሎቹ የጅራት ጎማ ስለሆኑ ከአስተማሪ የጅራት ጎማ ፊርማ ያስፈልግሃል።

የ415-ሲ ዋጋ ለምን እንደወጣ ልንገርህ። የ2004ቱ ሕግ አውሮፕላኑ መጀመሪያ ሰርተፊኬት ካገኘበት ቀን ጀምሮ ሳያቋርጥ መስፈርቱን ማሟላት አለበት ይል ነበር። አንድ 415-ሲ በ1950ዎቹ ወደ 415-ዲ ተቀይሮ ለአንድ ቀን እንኳ 1,400 ፓውንድ ተፈቅዶለት ከነበረ፣ በኋላ ወደ ሲ ቢመለስም ለስፖርት ፓይለት ለዘለቄታው አይሆንም ነበር። በወረቀት ክብደት ቀንሶ መግባትም አይቻልም ነበር። ስለዚህ ታሪኩ ንጹሕ የሆነ ሲ ብርቅ ሆነ፣ ዋጋውም ወጣ። አሁን ያ ምክንያት የለም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ ለሁለታችሁ ደህንነት የሚበጀው ይኼ ነው። ባዶው 860 ፓውንድ የሆነ 415-ሲ እንውሰድ፤ ክንፉ ከጨርቅ ወደ ብረት ልባስ የተቀየረና ሬዲዮ የገባለት ኤርኩፕ እንዲህ መመዘኑ የተለመደ ነው። ከ1,260 ሲቀነስ 400 ይቀራል። ነዳጁ በሙሉ 24 ጋሎን ገደማ ነው፤ አንዱ ጋሎን 6 ፓውንድ ስለሆነ 144። የሞተር ዘይቱ 9 ገደማ፤ በእነዚህ የድሮ ሞዴሎች ዘይት ብዙውን ጊዜ በባዶ ክብደት ውስጥ አይቆጠርምና አትርሳው። አንተ 180 ብትሆን የሚቀረው 67 ፓውንድ ነው፤ ከትንሽ ልጅ በቀር ማንም አይገባም። ነዳጁን ወደ 12 ጋሎን ብታወርደው ለተሳፋሪ 139 ፓውንድ፣ 63 ኪሎ ያህል ታገኛለህ። ሞተሩ በሰዓት 5 ጋሎን አካባቢ ስለሚጠጣ፣ የግማሽ ሰዓት መጠባበቂያ ትተህ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው የምትበረው። ያንኑ ባዶ ክብደት በ415-ዲ ወረቀት አስላው፦ ነዳጁ ሙሉ ሆኖ ለተሳፋሪ 207 ፓውንድ ይቀራል። በእኔ ግምት ዛሬ የሚሻለው ዲው ነው፤ በገበያው ግን ለዓመታት የተናቀው እሱ ነበር።

ዲ ስታይ አንድ ነገር በእጅህ አረጋግጥ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ራስህ ሳብና ኤሌቬተሩ (ጅራቱ ላይ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክፍል) ወደ ላይ ስንት ዲግሪ እንደሚነሳ በአንግል መለኪያ አንብብ። ሲው 13 ዲግሪ ነው፣ ዲው 9። በ9 ዲግሪ ለማረፍ አፍንጫውን የማንሳት አቅምህ ያንሳል፤ ፍጥነት አሟጠህ ከቀረብክ ከባድ ማረፍ ነው የሚሆነው። ወረቀቱ ዲ እያለ ኤሌቬተሩ 13 የሚነሳ ከሆነ፣ ወረቀቱና አውሮፕላኑ አይስማሙም ማለት ነውና ሜካኒክ ሳያስተካክል አትግዛ።

የአዲሱ ሕግ መለኪያ በተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት፣ በጣም አስቸጋሪው የክብደት ማዕከል ላይ፣ ፍላፕ ሳይወርድ ከ59 ኖት ያልበለጠ ስቶል ነው። 59 ኖት 68 ማይል በሰዓት ገደማ ነው። መቀመጫ እስከ አራት ተፈቅዷል፤ ተሳፋሪ ግን አሁንም አንድ ብቻ። ሴስና 150፣ 152 እና ፓይፐር ቼሮኪ 140 በቀላሉ ይገባሉ፤ ሴስና 172ም 50 ኖት አካባቢ ስለሆነ ይገባል። ጠንቀቅ የምትልበት አንድ ቦታ አለ፦ ቁጥሩ የመሣሪያው ስሕተት ታርሞ የተስተካከለ ፍጥነት እንጂ የፍጥነት ሰዓቱ ላይ የምታነበው አይደለም። አፍንጫ ተነስቶ በዝግታ ሲበረር ሰዓቱ ከእውነቱ በታች ያሳያል፤ በአንዳንዱ ሞዴል ልዩነቱ በርካታ ኖት ነው። የሰዓቱ አረንጓዴ ቅስት ከየት ይጀምራል ብለህ አትወስን፤ የአውሮፕላኑን መጽሐፍ ስቶል ሠንጠረዥ ክፈት፣ ቁጥሩ በማይል ነው ወይስ በኖት፣ የተስተካከለ ነው ወይስ የሰዓት ንባብ የሚለውን አይተህ ለይ።

ማታ መብረር ከፈለግህ የመንጃ ፈቃድ አይበቃም። የማታ ሥልጠናና ፊርማ፣ ከዚያ ላይ ቤዚክሜድ (ቀለል ያለው የኤፍኤኤ የጤና ማረጋገጫ መንገድ) ወይም የሕክምና ሰርተፊኬት ይጠየቃል። የጤናህ ነገር የሚያጠራጥርህ ከሆነ ደግሞ ሳትመክር ለሕክምና ሰርተፊኬት አታመልክት። የመጨረሻው ማመልከቻህ ከተከለከለ በመንጃ ፈቃድ የመብረር መብትህም አብሮ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ወረቀት ላይ ሁለት ነገር አስመጣ። አንደኛው ኤፍኤኤ ኦክላሆማ ሲቲ የሚያስቀምጠው የአውሮፕላኑ ሙሉ ማህደር ነው፤ በትንሽ ክፍያ ለማንም ይልካሉ። ውስጡ ያሉትን ፎርም 337ዎች አንድ በአንድ አንብብ፤ ሞተር፣ ክንፍ፣ ክብደት የተቀየረው ሁሉ እዚያ ነው። ሁለተኛው ታይፕ ሰርተፊኬት ዳታ ሺቱ ነው፤ የኤርኩፕ 415-ሲ ኤ-718፣ የ415-ዲ ኤ-787፣ የሴስና 150 3ኤ19። ባዶ ክብደቱ በስሌት እየተጨመረ እየተቀነሰ የመጣ ከሆነ እመነኝ፣ እውነተኛው ከወረቀቱ ይበልጣል፤ ቀለም፣ ምንጣፍ፣ የሽቦ ድርድር አይቆጠርም። ነዳጁ ተቀድቶ ወጥቶ በሦስት ሚዛን እንዲመዘን ጠይቅ።

የሰባና የሰማንያ ዓመት አውሮፕላን ጠላቱ ዝገት ነው። ኤርኩፕ ወለሉ ሥር ያለው የክንፍ መሃል ክፍል ውኃ ይይዛል፤ የሆዱ ሽፋን ካልተፈታ አይታይም፤ ሻጩ አልፈታም ካለ ተወው። ለስኮምብ ስፓሩ (የክንፉ ዋና ተሸካሚ ምሰሶ) ከውስጥ ይበላል። ኩቦች ላይ የክንፍ ድጋፍ ብረቶቹ ከውስጥ ስለሚዝጉ በየጊዜው እንዲፈተሹ ኤፍኤኤ አስገዳጅ መመሪያ አውጥቷል፤ የታሸጉ አዲስ ድጋፎች ከገቡለት ከዚያ ተደጋጋሚ ፍተሻ ትገላገላለህ። ቻምፕ ላይ የእንጨት ስፓሩ መሰንጠቁን የሚመለከት መመሪያ አለ።

“ላይት ስፖርት ስለሆነ ዓመታዊ ምርመራውን ራሴ ኮርስ ወስጄ እሠራለሁ” የሚሉ አሉ፤ አይቻልም። እነዚህ የድሮ አውሮፕላኖች በስታንዳርድ ሰርተፊኬት ነው የተመዘገቡት። ስፖርት ፓይለት እንዲያበራቸው መፈቀዱ የእነሱን ዓይነት አልቀየረም። ዓመታዊ ምርመራቸውን የሚፈርመው የምርመራ ሥልጣን ያለው ሜካኒክ ነው፤ በጀትህን በዚያ አስላ።

አውሮፓ ያላችሁ፣ ይህ ለውጥ የአሜሪካ ብቻ ነው፤ እናንተን አይመለከትም።

ለአንተ ለሜሪላንዱ የሚጨመር ነገር አለ። ኤርኩፕ የተሠራው ሪቨርዴል ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ማይል ርቀት ላይ፤ ዛሬ ግን ያ ሰማይ በልዩ ቁጥጥር ሥር ነው። ከዋሽንግተን 30 ኖቲካል ማይል ውስጥ ለመግባት የሚሠራ ሬዲዮ፣ ከፍታ የሚያሳውቅ ትራንስፖንደር (ለራዳር መልስ የሚሰጥ መሣሪያ) እና አስቀድሞ የገባ የበረራ ፕላን ግዴታ ነው። ኤሌክትሪክ ሳይኖራቸው ለተሠሩት እንደ ጄ-3 ላሉት ሌላ ቦታ ከትራንስፖንደር የተሰጠው ነፃነት እዚህ አያገለግልም። 60 ማይል ውስጥ ለመብረር ደግሞ የኤፍኤኤን የኦንላይን ኮርስ አንድ ጊዜ ጨርሰህ ማስረጃውን ይዘህ መብረር አለብህ። ፍሬደሪክ ከ30ው ማይል ውጭ ስለሆነ ትራንስፖንደር የሌለው ኩብ ወይም ቻምፕ ለማቆም ይመቻል፤ ታወር ስላለው ግን የእጅ ሬዲዮና ለታወር አየር ክልል የአስተማሪ ፊርማ ያስፈልግሃል። ኤርኩፑን ወይም 150ውን ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለማቆም ካሰብክ ለሻጩ ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቀው፦ ትራንስፖንደሩ መጨረሻ የተፈተሸው መቼ ነው? ከ24 ወር ካለፈ ያንን አሠርቶ እንዲያስረክብህ አድርግ።