የእርሾን ግድግዳ ምን ያፈርሰዋል?

ጥያቄ፦ እንባና ምራቅ ውስጥ ያለው ላይሶዛይም የባክቴሪያን ግድግዳ እንደሚያፈርስ ተምረናል። እርሾን ግን ብዙም አይጎዳውም አሉን። እርሾም እኮ ግድግዳ አለው! እሱን የሚያፈርስ ኢንዛይም የለም ማለት ነው?
ግራ የገባት የባዮሎጂ ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ግራ ቢገባሽ አይገርምም። ሁለቱም ግድግዳ ይባሉ እንጂ የተሠሩበት ነገር ለየቅል ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1922 ያሳወቀው ላይሶዛይም በዋናነት የሚቆርጠው ፔፕቲዶግላይካን የሚባለውን የባክቴሪያ መረብ ነው። እርሾ ደግሞ ይህ ነገር ጭራሽ የለውም።

የእርሾ ግድግዳ ዋና ምሰሶ ቤታ ግሉካን ነው፤ ግሉኮስ ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም ሰንሰለት። ካይቲን የሚባል ሌላ ጠንካራ ሰንሰለትም አለ፣ ግን ጥቂት ነው። እሱም በብዛት የሚገኘው እናቲቱ ህዋስ ልጅ ያበቀለችበት ጠባሳ ላይ ነው። ከላይ ማኖፕሮቲን፣ ማለትም ማኖዝ የሚባል ስኳር የተያያዘበት ፕሮቲን፣ ይሸፍነዋል።

ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ግሉካናዝ፣ ማለትም ግሉካንን የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። እኛ ላብ ውስጥ የምንጠቀመው ዛይሞሌዝ ይባላል። ከባክቴሪያ የሚገኝ ነው፤ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይምም አብሮት አለ። ማኖፕሮቲኑ ካልላላ ግሉካናዙ ምሰሶው ጋ አይደርስማ! እኔ አስቀድሜ ዲቲቲ የሚባል ኬሚካል እጨምራለሁ፤ ፕሮቲኖቹን ያያያዘውን የሰልፈር ድልድይ ይበጥሰዋል። ሽታው ግን አይጣል ነው። ደግሞ በማደግ ላይ ያለ እርሾ ውሰጂ። ምግቡን ጨርሶ የቆመው ግድግዳው ስለሚጠነክር ቶሎ እጅ አይሰጥም።

አሁን ደስ የሚለው ጋ ደረስን። ሥራውን 1 ሞላር ሶርቢቶል (ስኳር መሰል ነገር የሟሟበት ውሃ) ውስጥ ከሠራሽው፣ ውጪውም የሟሟ ነገር ስላለበት እርሾው አይፈነዳም። በማይክሮስኮፕ ስታይው እንቁላል መሳይ የነበረው ድብልብል ብሏል። ግድግዳው ሄዷል፣ ስስ ሽፋኑ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ትንሽ ቀድተሽ ንጹህ ውሃ ውስጥ ጨምሪው። ድፍርሱ ዓይንሽ እያየ ይጠራል። ህዋሱ ውስጥ የሟሟው ነገር ውሃ ይስባል፣ እብጠቱን የሚገታ ግድግዳ የለም፣ ይፈነዳል። ስለዚህ እኔን ከጠየቅሽኝ ገዳዩ ውሃው ነው።

«ታዲያ ኢንዛይሙን ለምን መድኃኒት አያደርጉትም?» ማለትሽ አይቀርም። ሐኪሞች በሌላ በኩል ነው የመጡበት። በደም ሥር የሚሰጠው የፈንገስ መድኃኒት ካስፖፈንጂን ያለውን ግሉካን አይቆርጥም፤ ህዋሱ አዲስ እንዳይሠራ ያግደዋል። የእኛ ህዋስ ግሉካን ስለማይሠራ በዚህ በኩል የሚነካው ነገር የለም።