ለኮዬ ፈጬው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጥያቄ፦ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ማሰራጫና «ይዘጉናል ወይ» ስለሚለው

ሰላም ለቤቱ። ጠያቂያችን ያነሣኸው ሁለት ነገር ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ነዋሪዎች የማኅበረሰብ ሬዲዮ ልታቋቁሙ አስባችኋል፤ ፈቃዱ እስኪወጣ 50 ዋት ማሰራጫ ገዝታችሁ «እየሞከራችሁ» ብትቆዩ ችግር አለው ወይ ብለሃል። ከዚያም ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ በወረዳው ስላለው ብልሹ አሠራር ብትናገሩ ይዘጉን ይሆን ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱ የተያያዙ ናቸውና አብሬ ልመልስ።

ያለ ፈቃድ አንቴና ላይ አትሞክሩት። ኤፍ ኤም የሚሠራው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ነው፤ ከ108 በላይ ወዲያውኑ የሚጀምረው የአቪዬሽን ሞገድ ነው። አውሮፕላን አቅጣጫውን ይዞ የሚያርፈው፣ አብራሪም ከማማው ጋር የሚነጋገረው እዚያ ላይ ነው። እናንተ ደግሞ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ አትርቁም። ማጣሪያው ደካማ የሆነ ርካሽ ማሰራጫ ባልተፈቀደለት ቦታ ሁሉ ሞገድ ይረጫል፤ 95 ላይ ብትከፍቱት በእጥፉ 190 ላይም ይወጣል፣ ያ ደግሞ የቴሌቪዥን ክልል ነው። መሣሪያውን መፈተሽ ከፈለጋችሁ በአንቴናው ቦታ 50 ኦም ደሚ ሎድ (አንቴናውን ተክቶ ኃይሉን የሚውጥ መሞከሪያ) እሰሩበት፤ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል።

የሞገድ ቁጥጥርና የይዘት ቁጥጥር ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው የሁላችንንም ደኅንነት የሚጠብቅ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ልንታዘዘው ይገባል። ሁለተኛው ላይ ግን መብት አለን፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። በሞገዱ በኩል እንከን ካለባችሁ፣ በተናገራችሁት ነገር የተከፋ ባለሥልጣን ጣቢያውን የሚዘጋበት ሕጋዊ ሰበብ በእጁ ሰጣችሁት ማለት ነው። ያኔ ስለ ንግግር ነፃነት ብትከራከሩ ሰሚ የላችሁም። መናገር የምትፈልጉ ከሆነ በቴክኒኩና በወረቀቱ እንከን አይገኝባችሁ።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የሚገዛችሁ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው፤ ፈቃድ ሰጪው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን። አዋጁ በ2017 ተሻሽሎ ቀድሞ የባለሥልጣኑ ቦርድ የነበሩ ሥልጣኖች ወደ ራሱ ባለሥልጣኑ ስለተዛወሩ የ2013ቱን ቅጂ ብቻ አንብባችሁ እንዳትቆሙ። ማሰራጫውን ከውጭ ከማዘዛችሁ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዘንድ የመሣሪያውን የዓይነት ማረጋገጫ (መሣሪያው ደረጃውን ማሟላቱን የሚመሰክር ወረቀት) ጠይቁ፤ ዕቃው ጉምሩክ ከተያዘ በኋላ መሯሯጥ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። አንቴናው የሚቆምበት ጣሪያ ደግሞ የጋራ ንብረት ነው። በኮንዶሚኒየም አዋጅ 370/1995 መሠረት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ስላላችሁ፣ ስምምነቱን በቃለ ጉባኤ አስፍሩና ማኅተም አስደርጉበት። «ሊቀመንበሩ እሺ ብሎናል» ነገ ሊቀመንበሩ ሲቀየር አይሠራም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለትርፍ አይቋቋምም፤ የፖለቲካ ፓርቲም ሊይዘው አይችልም። ችግሩ ሰዎች ሲመሠርቱት ወይ የወረዳ ኃላፊ ቦርዱ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ወይ ብዙ ገንዘብ ያዋጣ አንድ ነጋዴ ሰብሳቢ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሳንሱር ከውጭ መምጣት አያስፈልገውም። መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ የሚከተለውን በግልጽ አስገቡ፦ ጠቅላላ ጉባኤው የበላይ ነው፤ የመንግሥት ተሿሚና የፓርቲ አመራር የቦርድ አባል አይሆንም፤ ቦርዱ ፖሊሲ ያወጣል፣ ዛሬ ማታ ምን ይተላለፍ የሚለውን የሚወስነው ግን ዋና አዘጋጁ ብቻ ነው። እድሮች መሥራች ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ አባላታቸው የታወቀ፣ መዋጮ መሰብሰብም የለመዱ ናቸው። ግን የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ብሔር ሰዎች እድር ብቻ እንዳይሆን። ሰፈራችሁ አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራልና ከመጀመሪያው ቀን በሁለቱም አስተላልፉ።

ስለ መሣሪያው። ኤፍ ኤም የሚጓዘው በዕይታ መስመር ስለሆነ ዋት ከመጨመር ከፍታ መጨመር ይሻላል። ኃይሉን አራት እጥፍ ብታደርጉ ርቀቱ ቢበዛ እጥፍ ነው የሚሆነው። ጂ ፕላስ አራት ሕንፃ ላይ ምሰሶ አቁማችሁ አንቴናው ከመሬት 25 ሜትር ቢደርስ የሬዲዮ አድማሱ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሕንፃና ኮረብታ ሲጋርደው ያንሳል። ኬብል ላይ አትቆጥቡ። 100 ዋት ማሰራጫ በ30 ሜትር አርጂ 213 በሚባለው የተለመደ የአንቴና ኬብል ሲያልፍ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 63 ዋት ገደማ ነው፤ ኃይል ብዙ በማያባክነው ግማሽ ኢንች ሄሊያክስ ኬብል ከሆነ ግን ወደ 86። ክረምት ሲገባ አንደኛው ጠላት በማገናኛው በኩል የሚሰርግ ውኃ ነው፤ ራሱን በራሱ የሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ጠቅልሉበት፣ ኬብሉም ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዞር ብሎ ውኃውን እንዲያንጠባጥብ አድርጉት። ከአንቴናው ወደ ማሰራጫው የሚመለሰውን ኃይል በየቀኑ መዝግቡ። ከ100 ዋት 4 ቢመለስ ደህና ነው፤ 10 ከደረሰ ማሰራጫውን ዝጉና ማገናኛውን ፈትሹ፣ አለዚያ ትራንዚስተሩ ይቃጠላል።

ከሚክሰሩ (ድምፅ ማደባለቂያው) ቀጥሎ ሊሚተር፣ ማለትም ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚገታ መሣሪያ፣ የግድ ነው። ድምፅ ሲገባበት ሞገዱ ከመሃል ቁጥሩ ግራና ቀኝ የሚወዛወዘው ከ75 ኪሎኸርዝ ካለፈ ድምፃችሁ ይቆራረጣል፣ ጎረቤት ጣቢያም ውስጥ ትገባላችሁ፤ የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም መስመር ደግሞ የተጨናነቀ ስለሆነ ክሱ ወዲያው ይመጣል። የመብረቅ መሬት መስመሩ ከ10 ኦም በታች ይሁን፤ የምሰሶውና የመብራቱ መሬት መስመርም ይገናኙ። መብራት ሲጠፋ ስቱዲዮውና ማሰራጫው አንድ ላይ 500 ዋት ቢፈጁ፣ ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ ሁለት ሰዓት ያህል ያቆያችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ስጋት። በጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 መሠረት ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በጾታው ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ሆን ብሎ ለጥላቻ፣ ለመድልዎ ወይም ለጥቃት የሚያነሣሣ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ደግሞ ከፍ ይላል። ሐሰተኛ መረጃም በብሮድካስት ሲሰራጭ ቅጣቱ ይከብዳል። የዜና ዘገባና የፖለቲካ ትችት ግን ተለይተው ተጠብቀዋል። ስም ማጥፋትም በ1238 የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንጂ ወንጀል አይደለም፤ በመገናኛ ብዙኃን ጥፋት የተከሰሰ ሰውም ለምርመራ ተብሎ ሳይታሰር ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ይህ ሁሉ ተጽፎ እያለ በ2014ቱም ሆነ በ2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋዜጠኞች ታስረዋል። ስለዚህ ሕጉ ከለላ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ማስረጃ ያዙ።

ማስረጃ ስል ይህን ነው። ሰፈሩ ውስጥ ውኃ ሦስት ሳምንት ጠፋ እንበል። «ሌቦች ውኃችንን ሸጡት» ብላችሁ ከተናገራችሁ ማስረዳት ትገደዳላችሁ። «ብሎክ 40 እና 41 ከመስከረም 5 ጀምሮ ውኃ አላገኙም፣ የሚመለከተውን ቢሮ መስከረም 20፣ 22 እና 23 ጠይቀን ምላሽ አልሰጠንም» ካላችሁ ግን ማንም ሊነካችሁ ይከብደዋል፣ ለነዋሪውም የሚጠቅመው ይኸኛው ነው። የደወላችሁበትን ሰዓት፣ ስልኩን ያነሣውን ሰው የሥራ ድርሻና የሰጠውን መልስ በመዝገብ ጻፉ። ቢሮው ዘግይቶ መልስ ከላከ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ፕሮግራም አስተላልፉለት።

ቀጥታ የስልክ መስመር ብዙ ጣቢያ ያስቀጣል። ደዋዩን ወዲያው አየር ላይ አታውጡት፤ ስሙንና ሊናገር የፈለገውን ተቀብላችሁ መልሳችሁ ደውሉለት። በተጨማሪ 10 ሰከንድ የሚያዘገይ ሶፍትዌር ተጠቀሙ፣ አቅራቢው አጠገብም መቁረጫውን የሚጫን አንድ ሰው ይቀመጥ። ሁሉንም ስርጭት ቀን ከሌሊት ቅዱ፤ በ64 ኪሎቢት ኤምፒ3 የአንድ ቀን ቅጂ 700 ሜጋባይት አይሞላም፣ ስለዚህ ስድስት ወር ማስቀመጥ ከባድ አይደለም። ተቆርጦ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ድምፅ ሲያስከስሳችሁ ሙሉው ቅጂ ነው የሚያድናችሁ።

ከአየር በፊት ጽሑፉን አሳዩን የሚል ስልክ መምጣቱ አይቀርም። በትሕትና «ጥያቄዎን በደብዳቤ ይላኩልን፣ ዋና አዘጋጁ ይመልስልዎታል» በሉ፣ ጥሪውንም መዝግቡ። ማስጠንቀቂያ ከመጣ የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰ በጽሑፍ እንዲገለጽላችሁ ጠይቁ፤ ቅሬታም ሆነ የፍርድ ቤት አቤቱታ የሚቆመው በዚያ ወረቀት ላይ ነው።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ፦ ከ2011 ወዲህ በሬዲዮ የአልኮል ማስታወቂያ ክልክል ነው፤ የቢራ ስፖንሰር ይምጣ እንዳትሉ። አንድ ስፖንሰር ከጠቅላላ ገቢያችሁ ከሩብ በላይ እንዳይይዝ ደንቡ ላይ ገደብ አስቀምጡ። ፈቃዱ እስኪወጣ የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ አስፈቅዳችሁ ወጣቶቹን በዜና አጻጻፍና በቅጂ አሠልጥኑ፤ ያለ አንቴና የሚሠራ ልምምድ ነው። የቦርድ አንቀጹን ረቂቅ ስትጨርሱ እዚሁ ለጥፉት፣ ከጉባኤው በፊት አብረን እናየዋለን።