ኢሊኖይ ሞልተህ ፋርጎ አትሂድ

የራስህን ትራክ ገዝተህ ከዳላስ መጥተህ፣ በብርዱ ወራት ከቺካጎ ሰሜን ዳኮታ እስካለችው ፋርጎ ልትሠራ ያሰብከው ወንድሜ፣ «ባዮዲዝል ይረጋል የሚሉት እውነት ነው? የትኛውን አንቲጄል ልግዛ?» ብለሃል። አዎ፣ ከዲዝል ጋር የሚቀላቀለው ይህ የዘይትና የሞራ ነዳጅ ይረጋል። የአንቲጄሉን፣ ነዳጅ እንዳይረጋ የሚጨመረውን ኬሚካል፣ ስም ግን ተወው። ዋናው የት እንደሞላህ ነው። እኔ ይህን ለማወቅ 1,400 ዶላር ከፍያለሁ፣ አንተ በነጻ ውሰደው።

1. ፓምፑ ላይ ሰማያዊ ምልክት ፈልግ። እስከ 5 በመቶ ባዮዲዝል ብቻ ካለው ምልክት አይለጠፍበትም። ሰማያዊው ካለ ከ5 እስከ 20 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 6 ይሁን 20 አይነግርህም። አንተ 20 ነው ብለህ ያዝ። ኢሊኖይ ውስጥ በየትራክ ስቶፑ ታየዋለህ። ነገሩ የታክስ ነው። እኔ በከሰርኩበት ጊዜ፣ በ2019፣ ከ10 በመቶ በላይ ባዮዲዝል ያለበት ከሽያጭ ታክስ ነጻ ነበር፣ ስለዚህ ርካሽ ነው፣ ስለዚህ ሁላችንም እንሞላለን። ሚኒሶታዎች በሙቀቱ ወራት 20 በመቶ ያስገድዳሉ፣ ሲበርድ ግን ወደ 5 ያወርዱታል። ብርዳቸውን ያውቁታላ!

2. ባዮዲዝል ከአኩሪ አተር ዘይት ወይም ከከብት ሞራ ነው የሚሠራው። ሞራ ሲበርድ ምን እንደሚሆን ለሐበሻ አይነገርም። ንጹሁ የአኩሪ አተር ባዮዲዝል ገና 0 ሴልሺየስ አካባቢ መደፍረስ ይጀምራል፣ የሞራው ከዚያም በፊት። ተራው ቁጥር 2 ዲዝልም የራሱ ሰም አለው፣ ባዮዲዝል ሲጨመርበት ቶሎ ይደፈርሳል። መጀመሪያ ይወፍራል፣ መሐንዲሶቹ ዝልግልግነት የሚሉት ነው፣ ፓምፑ ለመሳብ ይጨነቃል። ቀጥሎ ሰሙ ፊልተሩን ይደፍነዋል።

3. አንቲጄል ነዳጁ ሳይደፈርስ ነው የሚጨመረው። ከረጋ በኋላ ብታፈስበት የረጋውን አያሟሟውም። እኔ ነጩ የአንቲጄል ጠርሙስ ሳጥን ውስጥ ነበረኝ እኮ! ጥር 2019 ነው፣ ኢሊኖይ፣ ጆሊየት ላይ ሁለቱንም ታንክ ጢም አድርጌ ሞልቼ፣ 30 ዶላር አተረፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ፣ «ሚኒሶታ፣ ሴንት ክላውድ ስደርስ አንቲጄሉን እጨምራለሁ» ብዬ ነዳሁ። በማግስቱ ጠዋት ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ገባች፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 33 ማለት ነው። ሀይዌይ 94 ላይ ሴንት ክላውድን እንዳለፍኩ ትራኩ ጉልበት አጣ። በሰዓት ከ65 ማይል ወደ 40፣ ከዚያ 25፣ ከዚያ ጠርዝ ላይ ቆምኩ። ፊልተሩን ስፈታው ነዳጅ ጠብቄ ገንፎ አገኘሁ።

ያኔ ትራኬን ይዤ የምሠራለት ካምፓኒ ብሬክዳውን ቢሮ፣ ብልሽት ሲያጋጥም የሚደወልበት ጋ፣ ደወልኩ። ሰውየው «የሞላኸው አንተ፣ የነዳኸው አንተ፣ እኛ ምን እናድርግህ?» ብሎ ስልኩን ሙዚቃ ላይ ጣለኝ። 50 ደቂቃ! ሰው ብርድ ላይ ቆሟል እያልኩት። ያዳነኝ አንድ የማላውቀው ሶማሌ ሾፌር ነው። ካቢኑ ውስጥ አስገባኝ፣ ሻይ ሰጠኝ፣ አዲስ ፊልተርና የረጋ ነዳጅ ለማሟሟት የሚሆነውን ቀዩን የአደጋ ጊዜ ጠርሙስ አውጥቶ አብሮኝ ገጠመ። ሞተሩ ተነሳ፣ 10 ደቂቃ ሄድኩ፣ አዲሱም ፊልተር ተደፈነ። ታንኩ ሙሉ ረግቶ ፊልተር ብትቀይር ምን ዋጋ አለው? ተጎትቼ ሙቀት ያለው ጋራዥ ገባሁ፣ እዚያ አድሮ በራሱ ጊዜ ቀለጠ። 1,400 ዶላሩ የዚያ ነው፣ ጭነቱን የሰጠኝ ደላላ (ብሮከር) ከክፍያው የቆረጠብኝን ሳልቆጥር።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ረግቶብኝ አያውቅም፣ ጉራ አይደለም፣ ትንሽ ጉራ ነው። ኢሊኖይ ላይ የሚያሻግረኝን ያህል ብቻ እቀዳለሁ። አንቲጄሉን መጀመሪያ ታንኩ ውስጥ አፈሳለሁ፣ ነዳጁ ላዩ ላይ ሲወርድ ራሱ ያዋህደዋል። ሚኒሶታ ስገባ እሞላለሁ፣ ከባድ ብርድ ከተተነበየ ቁጥር 1 ዲዝል፣ ሰሙ ያነሰውን፣ እቀላቅላለሁ። ይወደዳል፣ በጋሎን የምትሄደውም ማይል ይቀንሳል፣ ይሁን። በዚያ ብርድ ሌሊት ሞተር አላጠፋም።

ሁለት ትርፍ ፊልተርና መፍቻውን ካቢን ውስጥ ያዝ፣ ውጭ ሳጥን ውስጥ አይደለም፣ ሳጥኑ ራሱ በረዶ ይዞት አይከፈትም። ደግሞ ዳላስ እያለህ፣ በሙቀቱ፣ ወፍራም ጓንት አድርገህ ፊልተር መፍታት ተለማመድ። እኔ ያን ቀን አልመች ቢለኝ ጓንቴን አወለቅኩ፣ የሁለት ጣቶቼ ጫፍ እስካሁን ትንሽ ሲበርድ ይደነዝዛል።