«=»ን በአማርኛ እንዴት እናንብበው?

ጥያቄ፦ ጃቫስክሪፕት የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለጀማሪዎች አስተምራለሁ። = ፣ == እና === ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሦስቱንም «እኩል ነው» ብዬ አነባቸዋለሁ። ተማሪዎቼ ግራ ይገባቸዋል። ለየብቻ የሚነበቡበት የአማርኛ መንገድ አለ? እንደነዚህ ያሉት ምልክቶች የሚጠሩበትን «ኦፕሬተር»ንስ ምን ልበለው?

መልስ፦ አለ። ቃላቱም ከቤታችን አልጠፉም።

ከነጠላው እንጀምር። «ዋጋ = 5» ሲጻፍ ስለ እኩልነት የተባለ ነገር የለም። ትእዛዝ ነው። «ዋጋ» የተባለው ስም 5ን ይያዝ ማለት ነው። ለዚህ «ትእዛዝ አንቀጽ» የሚባል የግስ መልክ አለን፤ «ዋጋ 5 ይሁን» ይበሉ። የሒሳብ መምህሮቻችንም «ሀ ሙሉ ቁጥር ይሁን» ሲሉ ኖረዋል። «ዋጋ = ዋጋ + 1» የሚለውን «እኩል ነው» ብለው ካነበቡት ሐሰት ይሆናል፤ ከራሱ በአንድ የሚበልጥ ቁጥር የለምና። «ዋጋ፣ በነበረው ላይ 1 ተጨምሮበት ይሁን» ካሉ ግን ነገሩ ይፈታል።

ተማሪዎችዎ ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም። ዌልሳዊው ሮበርት ሬኮርድ በ1557 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ትይዩ መስመሮች ሲያሰምር፣ ከእነሱ ይበልጥ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ነው። ምልክቱ ለ400 ዓመት ያህል እኩልነትን ብቻ ሲናገር ቆየ። በ1957 ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለትእዛዝ ወሰደው። ሌላው ቋንቋ አልጎል := የሚል የተለየ ምልክት መርጦ ነበር፤ ያ ቢጸና ኖሮ ዛሬ ባልተቸገርን። በ1995 የተወለደው ጃቫስክሪፕት ግን የወረሰው የፎርትራንን ልማድ ነው።

አሁን ወደ == እንምጣ። «እኩል» የመጣው «አከለ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው። «በቃ»፣ «ተካከለ» ማለት ነው። «እኩሌታ»ም «እኩለ ሌሊት»ም የዚሁ ልጆች ናቸው። በአማርኛ «ከ» ወደ «ሀ» ሲላላ ደግሞ «ያህል» ተገኘ። አሁን «ጥጃ የሚያህል ውሻ» የሚለውን ያስቡት። ውሻው ጥጃ አልሆነም። ዓይነቱ ሌላ ነው፤ የተካከለው መጠኑ ብቻ ነው። የ== ሥራ ልክ ይኸው ነው። «"5" == 5» ብለው ቢጠይቁት እውነት ነው ይልዎታል፤ በጥቅስ ውስጥ ያለው ጽሑፍ፣ ሌላው ቁጥር ቢሆንም። ስለዚህ «ያህላል ወይ?» ብለው ያንብቡት። ማስረጃው ለ«ያክላል» እንደሚያደላ አውቃለሁ፤ ሥሩን ሳይለቅ ይዟል። እኔ ግን «ያህላል»ን እመርጣለሁ። «አሥር ያህል ሰው» ስንል የምንሰማው ግምት በውስጡ አለ።

=== ጥብቅ ነው። ዓይነቱም መጠኑም አንድ ካልሆነ አይቀበልም፤ «"5" === 5» ሐሰት ነው። በ1999 በወጣው የጃቫስክሪፕት ይፋዊ ደረጃ (ስታንዳርድ) ሦስተኛ እትም የገባ ምልክት ነው። «እኩል ነው ወይ?» የሚለውን ንባብ ለእሱ ብቻ ያቆዩለት።

«ድርብ እኩል»፣ «ሦስት እኩል» ማለት ይበቃል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ያ የቅርጹ ስም ነው እንጂ ንባቡ አይደለም። ፊደል ስንቆጥር «ሃሌታው ሀ» እንላለን፤ «ሀገር» የሚለውን ስናነብ ግን «ሃሌታው» አንልም።

ስለ + አልጠየቁኝም፤ ግን ሳላነሳው አላልፍም። «"5" + 3» ስምንት አይሰጥም፤ «"53"» ነው የሚሰጠው። «"5" - 3» ግን 2 ይሰጣል። እንዴት ይህ «መደመር» ይባላል ብሎ የሚከራከር ሰው ገጥሞኛል። በግዕዝ «ደመረ» ማለት ቀላቀለ፣ አንድ ላይ አደረገ ማለት ነው። የመስቀል ደመራን ይመልከቱ። እንጨቱ አንድ ላይ ይቆማል እንጂ ወደ ሌላ ቁጥር አይለወጥም። እናም "5" እና 3 ጎን ለጎን ሲቆሙ ተደምረዋል፤ በጥንቱ ፍቺ። ይህን ለተማሪዎችዎ ይንገሯቸው፤ አይረሱትም። ፒኤችፒ የተባለው ቋንቋ ጽሑፍ ለማያያዝ ነጥብን፣ ቁጥር ለመደመር +ን ለያይቶ ስለሚጠቀም እዚያ ይህ ችግር የለም።

የቀሩት ቀላል ናቸው። %ን «በመቶ» አይበሉት፤ «ቀሪ» ነው። 17 % 5 ማለት 17 ለ5 ሲካፈል ቀሪው፣ ማለትም 2። ||ን ደግሞ «ወይም» ይበሉት እንጂ «ወይስ» አይበሉት። «ሻይ ወይስ ቡና?» ያለ ሰው አንዱን ምረጥ እያለ ነው፤ || ግን ሁለቱም እውነት ቢሆኑ አይከፋውም።

«ኦፕሬተር» የሚለው ቃል ለጆሮዬ ዛሬም ኤክስካቫተር የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው። ሰዋስዋችን «አድራጊ» እና «ተደራጊ» የሚሉ ሁለት ቃላት አዘጋጅቶልን ነበር። ምልክቱ አድራጊ፣ የሚሠራበት ቁጥር ወይም ጽሑፍ (በእንግሊዝኛው «ኦፐራንድ») ተደራጊ። ከዚህ የተሻለ ጥንድ አላገኘሁም። ይሁንና የማውቃቸው ፕሮግራመሮች ሁሉ «ኦፕሬተር» ነው የሚሉት፤ ተማሪዎችዎም ሥራ ሲገቡ የሚሰሙት እሱን ነው። ቅር እያለኝም ቢሆን እሺ ብያለሁ። «ኦፐራንድ» ግን ገና ብዙ አፍ ላይ አልገባም። እሱን «ተደራጊ» ብለው ቢያስተምሩልኝ ደስታዬ ነው።