የቦዬ ውሃ ዳር የማን ነው? ለጅማው ጠያቂ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ቦዬ ረግረግ አጠገብ ነዋሪ ነኝ። የሰፈራችን ሰው በእድሩ ተስማምቶ ዳርቻውን ለዓመታት ጠብቋል። ሣሩን በተራ እናጭዳለን፤ ጉማሬ በሚወጣበት በኩል ከብት አናሰማራም። አሁን አንድ ሰው አጥሮ ለጡብ የሚሆን አፈር እያስቆፈረ ነው። ስንጠይቀው «መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ፈቃድ አለኝ» ይላል። ለሚመለከተው አካል አመልክተን መልስ አጣን። ባለቤትነታችን እንዲረጋገጥ መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ ጋሼ፣ የባለቤትነቱን ክስ ይተዉት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ውሃውም በአዋጅ 197/1992 እንደዚያው ነው። ለብዙ ዓመት መጠበቅ ብቻውን ባለቤት አያደርግም። የወል ይዞታ ማረጋገጫ ካላችሁ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እሱ የመጠቀም መብት ይሰጣል። ደብዳቤዎ ስለዚህ ምንም አይልም። ቀበሌና ወረዳ መሬት አስተዳደር ሄደው ያጣሩ።

ሌላም ያልነገሩኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። በጅማ ዙሪያ ረግረጉን የሚያደርቀው ባለሀብት ብቻ አይደለም። ባሕር ዛፍ የሚተክለውና ለጡብ ሠሪ አፈር የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ራሱ ነዋሪው ነው። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያደረገ አለ? እድሩስ ከቆፋሪዎች «ለልማት» ተብሎ ገንዘብ ተቀብሎ ያውቃል? ካለ አይደብቁኝ። ለጠበቃዎ መጀመሪያ የሚነግሩት ይህንን ነው። እናንተ ብትደብቁትም ተከሳሹ ደረሰኙን ይዞ ይቀርባል፤ ያኔ የዓመታት ጥበቃችሁን የሚሰማ አይኖርም። የተተከለ ባሕር ዛፍ ካለም አቤቱታው ከመግባቱ በፊት ራሳችሁ ንቀሉት።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ዳርቻውን ለማስጠበቅ ባለቤት መሆን አያስፈልጋችሁም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ማንም ሰው አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት አይጠበቅበትም። ስለዚህ «መሬቱ የመንግሥት ነው» የሚለው መልስ አያሰናክላችሁም።

አቤቱታው ግን በቀጥታ ለፍርድ ቤት አይቀርብም። በመጀመሪያ የሚገባው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላስደሰታችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። ሰው የሚወድቀው በዚህ 60 ቀን ላይ ነው። አቤቱታው ጥቅምት 1 ገብቶ ከሆነ 30ው ቀን ኅዳር መግቢያ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያላችሁ ኅዳርና ታኅሣሥ ብቻ ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «ሳምንት ብቅ በሉ» ሲባል ጥር ይገባል። ቀጠሮ የሰጣችሁ ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ቀኑ ግን እሱን አይጠብቅም።

እርስዎ «ለሚመለከተው አካል» ብለው ነው የጻፉልኝ። የትኛው አካል? መቼ? ለቀበሌ ሊቀመንበር በቃል ነግራችሁ ከሆነ አቤቱታ አቀረባችሁ ማለት አይቻልም። በጽሑፍ ለአካባቢ ጥበቃ አስገብታችሁ ከሆነ ደግሞ ቀኑ መቁጠር ጀምሯል። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያው ይጻፍ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በሌላው ላይ ማህተም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስደርገው ይዘውት ይውጡ። ማህተም የሌለውን ቅጂ ፍርድ ቤት ሲያዩት ማስረጃ ነው ብዬ ለመከራከር እቸገራለሁ።

ቀኑ አልፎ ቢሆንስ? ቁፋሮው ከቀጠለ በአዲሱ ጉዳት ላይ አዲስ አቤቱታ መሞከር ይቻል ይሆናል። ሌላው ወገን «ያው የድሮው ጉዳይ ነው» ብሎ መቃወሚያ ማንሳቱ ግን አይቀርም። ፋይሉን ሳላይ በዚህ ላይ ቃል አልገባልዎትም።

ፈቃድ አለኝ ያለውን ሰውም ዝም ብለው አይመኑት። የፈቃዱን ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ። ለሥራው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ያስፈልግ ከነበረ፣ በአዋጅ 299/1995 መሠረት የጥናት ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የነዋሪው አስተያየት መሰብሰብ ነበረበት። ማንም ጠርቷችሁ ያውቃል? ካልጠራችሁ ይህ ለጠበቃዎ ትልቅ ነገር ነው።

ፎቶ ሲያነሱ ጉድጓዱን ብቻ አያንሱ። አጥሩ ያለበት ቦታ በማይንቀሳቀስ ነገር፣ በዛፍ ወይም በድልድይ፣ ተለይቶ ይታይ። የጭነት መኪናውን ታርጋና የመጣበትን ቀን ይመዝግቡ። ሣሩን በተራ ለማጨድ የተስማማችሁበት የእድሩ ቃለ ጉባኤ ካለ፣ ዋናውን በእጃችሁ አስቀምጡ፤ ለማንም ቢሮ ቅጂ እንጂ ዋናውን አትስጡ። ወጣቶቹም አጥሩን እንዳይነቅሉ አደራ። አንዴ ከነቀሉ ተከሳሾቹ እናንተ ትሆናላችሁ።

ማመልከቻው የገባበትን ቀን ዛሬውኑ ያጣሩ። ከ70 ቀን በላይ ሆኖት ከሆነ (መልስ ካልተሰጠ 30ውና 60ው ተደምረው 90 ቀን ብቻ ነው) ሰነዱን ሁሉ ይዘው ነገ ጠዋት ጠበቃ ጋ ይሂዱ።