ድንጋይ ስር ላለ ጥላ የትኛው ኮራል ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ አምዳችሁን ሁሌም ነው የማነበው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ አፓርትመንታችን ውስጥ 40 ጋሎን የጨው ውሃ አኳሪየም አለን፣ ሁለት ክላውንፊሽ እና አንድ ጎቢ አሉበት፣ አንድ አመት ከአራት ወር ሆኖታል። ባለቤቴ ድንጋዩን ሲደረድር ከላይ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጋደመበትና ከስሩ ዋሻ የመሰለ ቦታ ወጣለት፣ እኔ በጣም እወደዋለሁ ግን ላዩ በቀለም ደምቆ ስሩ ጨለማ ሆኖ ቀረ። እዛ ጋ ሁለት ጊዜ አክሮፖራ ገዝቼ አስቀምጬ ነበር፣ ሀምራዊ የነበረው በአንድ ወር ውስጥ ቡናማ ሆነ፣ ሌላው ደሞ ነጥቶ ሞተ። ሱቅ ስጠይቅ "ጥላ ላይ ቀለም አይገኝም፣ ማሽሩም ኮራል አድርጊና ተዪው" አሉኝ። እውነት ነው? ላይቱን ከፍ ላድርገው ወይስ ለዛ ቦታ የሚሆን ቀለም ያለው ኮራል አለ?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ ላይቱን አትንኪው። ከፍ ብታደርጊው ላይ ያሉትን ታቃጥያቸዋለሽ እንጂ ዋሻው ያው ዋሻ ነው። ጥላ ላይ ቀለም አይገኝም የሚለውን ደሞ እኔ አልቀበለውም፣ ቤቴ እንግዳ ሲመጣ ከታንኬ ውስጥ መጀመሪያ "ይሄ ምንድነው?" ብሎ የሚጠይቀኝ ጥላው ውስጥ ያለውን ነው።

አክሮፖራዎችሽ ለምን እንደዛ እንደሆኑ ልንገርሽ፣ ምርጫው ከዛ ነው የሚነሳው። ኮራል ስጋው ውስጥ ዙዛንቴሌ የሚባሉ በአይን የማይታዩ አልጌዎች ያኖራል፣ እነሱ በብርሃን ምግብ ይሰራሉ ለሱም ያካፍሉታል፣ ቀለማቸው ግን ቡናማ ነው። ብርሃን ሲያንስ ያለችውን ለመልቀም ይበዛሉ፣ ሲበዙ ቡናማው ሌላውን ቀለም ይውጠዋል፣ የመጀመሪያው ኮራልሽ የሆነው እሱ ነው፣ ሁለተኛው ደሞ ተርቦ አልጌዎቹን ያጣ ይመስለኛል። የአክሮፖራ ሀምራዊና ሰማያዊ አብዛኛውን ጊዜ ኮራሉ ኃይለኛ ብርሃን ሲመታው ራሱን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፣ እኛ ፀሐይ ላይ ስንወጣ እንደምንቀባው ክሬም አስቢው፣ ጥላ ውስጥ የገባ ኮራል ክሬሙ ስለማያስፈልገው አያመርተውም በቃ።

ሌላ አይነት ቀለም ግን አለ። ፍሎረሰንት የሚባሉት ፕሮቲኖች ሰማያዊ ብርሃን ይውጡና አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ አድርገው መልሰው ያወጡታል፣ ማለትም ኮራሉ ራሱ ያበራል። ባህር ውስጥ ስትወርጂ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀዩ ብርሃን ነው፣ ሰማያዊው ነው ጥልቅ ድረስ የሚዘልቀው። በ2015 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች እስራኤል ውስጥ ኢላት አጠገብ ቀይ ባህር ውስጥ ከ50 ሜትር በታች ያሉ ኮራሎችን አይተው አረንጓዴና ብርቱካናማ ሆነው የሚያበሩ ብዙ አግኝተዋል፣ እዛ ጥልቀት ላይ የቀረው ብርሃን ሰማያዊ ብቻ ማለት ይቻላል፣ ቀለሙ ግን አለ። ስለዚህ ለጥላ የምትመርጪው በራሱ የሚያበራውን ነው፣ ኃይለኛ ላይት ሲመታው ብቻ ሀምራዊና ሰማያዊ የሚሆነውን ለላይ ተዪው። የኔ መልስ ዋናው ይሄ ነው፣ ከዚህ በታች ያለው ዝርዝሩ ነው።

ከመግዛትሽ በፊት ለኪ። ፓር ሜትር፣ ማለትም ኮራሉ የሚጠቀምበትን ብርሃን በቁጥር የሚነግርሽ መሳሪያ፣ መግዛት ውድ ነው ግን አንዳንድ ሱቆችና የአኳሪየም ክለቦች ያከራያሉ ወይም ያውሳሉ፣ አንድ ቅዳሜ ተዋሺና የዋሻውን አፍ፣ መሀሉን፣ ጀርባውን ለየብቻ ለኪው። አክሮፖራ 200 ፓር እና ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ እንዳንቺ አይነት ድንጋይ ስር ግን አፉ ጋ ከ50 እስከ 80፣ ገባ ሲል 30 ምናምን ብታገኚ አይግረምሽ። ከ50 እስከ 80 ያለው እኮ ለብዙ ኮራል ጥሩ ቦታ ነው። ከ30 በታች የሆነው ጀርባ ላይ ደሞ ብርሃን ፈላጊ ኮራል አታስገቢ፣ ለአሳዎቹ ማደሪያ ይሁን።

አፉ ላይ እኔ ብሆን መጀመሪያ ብላስቶሙሳ ነው የማስቀምጠው። ዌልሲ የሚባለው ፖሊፑ፣ ማለትም አፍ ያለው እያንዳንዱ የኮራሉ ክፍል፣ ሰፋፊ ነው፣ ዳሩ ቀይ መሀሉ አረንጓዴ የሆነው በሰማያዊ ላይት ስር ሲታይ መሀሉ እንደ ፋኖስ ይበራል፣ ኃይለኛ ብርሃን እንደውም አይወድም፣ ላይ ብታወጪው ይኮማተራል። ሰላማዊም ነው፣ ጎረቤቱን ብዙ አይነካም። ቀጥሎ አካን፣ ድሮ አካንታስትሪያ ሎርድሃወንሲስ ይባል የነበረው፣ አሁን ሳይንሱ ማይክሮሙሳ ይለዋል ግን ሱቅ ውስጥ አካን ካልሽ ይገባቸዋል፣ ብርቱካናማውና አረንጓዴ ክብ ያለውን ምረጪ። ለዋሻው ግድግዳ ደሞ ሌፕቶሴሪስ፣ ይሄ ስስ ቅጠል የመሰለ ኮራል ነው፣ ዘመዶቹ ቀይ ባህር ውስጥ ከ100 ሜትር በታች ድረስ የሚኖሩ ናቸው፣ ብርቱካናማው አይነት ድንጋዩን ተለጥፎ ሲሄድ የእሳት ፍም ይመስላል። እድገቱ ቀስ ያለ ነው፣ ታገሺው።

ማሽሩምንም ደሞ አትናቂው። ባለሱቁ "ተዪው" ያለሽ ርካሽና ቀላል ስለሆነ ይሆናል ግን ዲስኮሶማ የሚባለው ማሽሩም ታሪክ ያለው ኮራል ነው፣ በ1999 የሩሲያ ሳይንቲስቶች ዛሬ በየላብራቶሪው ሴል ለማየት የሚጠቀሙበትን ቀይ የሚያበራ ፕሮቲን ያገኙት ከሱ ነው፣ ያውም ሞስኮ ውስጥ አኳሪየም ውስጥ ከነበረ ዲስኮሶማ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፣ ደብዛዛ ቀይ የሆነው ማሽሩም በሰማያዊ ላይት ስር ጥቁር መስሎ ነው የሚታየው፣ ጥላ ውስጥ ጭራሽ አይታይም፣ ነጠብጣብ ያለውን ወይም ደማቅ አረንጓዴና ብርቱካናማውን ውሰጂ። ኤለፋንት ኢር የሚባለውን ትልቁን አታምጪ፣ እንደ ከረጢት ተጠቅልሎ ትንንሽ አሳ ይይዛል፣ ጎቢሽን አልሰጠውም።

ቻሊስ የሚባለው ኮራልም ለጥላ ይሆናል፣ ቀለሙ ደሞ የትኛውም አይደርስበትም፣ ግን ማታ ማታ ረጃጅም መናደፊያ ክር አውጥቶ ጎረቤቱን ያቃጥላል። እኔ አንዴ ከአካን አጠገብ አራት ጣት በማይሞላ ርቀት አስቀምጬው በሦስት ቀን ውስጥ የአካኑን ግማሽ ስጋ አጣሁ፣ ሁለት አመት ያሳደግኩት ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ተዪለት፣ 40 ጋሎን ውስጥ ይሄን ያህል ቦታ ከሌለሽ ይቅርብሽ።

ዞአንተስ የሚባለውን ደሞ ብዙ ሰው ይመክርሻል፣ ቀለሙ ቆንጆ ነው እውነት ነው፣ ጥላ ውስጥ ግን ብርሃን ፍለጋ አንገቱን ያስረዝማል፣ ቤትሽ ውስጥ ደሞ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ዞአንተስና ዘመዳቸው ፓሊቶአ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው፣ ካለሽ ጓንትና መነጽር ሳታደርጊ አትንኪ፣ ያለበትን ድንጋይ በፍፁም በፈላ ውሃ አታጥቢ አትቀቅይም፣ በእንፋሎቱ ሰው ሆስፒታል ገብቷል።

ሱቅ ስትሄጂ የሚያታልለው ላይቱ ነው። ሁሉም ነገር በሰማያዊ ላይት ስር ነው የሚታየው፣ እዛ የማያምር ኮራል የለም። "እስኪ ነጭ ላይት አብሩልኝ" በያቸው፣ በነጭም በሰማያዊም ያየሽውን ነው የምትገዢው፣ ቤትሽ ታንኩ በምን ቀለም እንደሚበራም አስታውሺ። ደሞ ስንት ፓር ላይ እንደቆየ ጠይቂ፣ 150 ላይ የነበረን ኮራል በአንድ ቀን 40 ላይ ብትጥይው ይደነግጣል፣ መጀመሪያ አፉ ጋ ጫፍ ላይ አስቀምጪና በሁለት በሦስት ሳምንት ቀስ እያልሽ ወደ ውስጥ አስገቢው። ከቻልሽ ታንክ ውስጥ ያደገ ፍራግ፣ ማለትም ከትልቅ ኮራል የተቆረጠ ቁራጭ፣ ግዢ፣ አጥንታቸው ድንጋይ የሆነ ኮራሎች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና እፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ስር ናቸው፣ ከባህር የሚወጣው በፈቃድ ነው፣ ሰው ቤቱ ቆርጦ ያባዛው ፍራግ ግን ታንክ ስለለመደ የመኖር እድሉም ይሻላል።

ብርሃን ያነሰው ኮራል በምግብ መካስ አለበት። በሳምንት አንዴ ሁለቴ፣ ላይቱ ከጠፋ በኋላ ፖሊፖቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ፓምፑን ለ15 ደቂቃ አጥፊና ማይሲስ ሽሪምፕ በፒፔት አቀብያቸው፣ ልጆችሽ ይሄን ስራ ይወዱታል። ውሃውን ደሞ በጣም ንፁህ ለማድረግ አትጨነቂ፣ እነዚህ ኮራሎች ናይትሬት ዜሮ ሲሆን ይገረጣሉ፣ ከ5 እስከ 15 ፒፒኤም ጥሩ ነው፣ አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) 8 ወይም 9 ዲኬኤች ላይ ይቁም፣ ከቁጥሩ በላይ አለመዋዠቁ ነው የሚጠቅማቸው። ዋሻ ስር ቆሻሻ ይጠራቀማል፣ በየሳምንቱ በፒፔቱ እፍ እያልሽ አስነሺው።

ጥያቄ፦ ሰን ኮራል ገዝቼ "ላይት አይፈልግም" ስላሉኝ ድንጋይ ስር አስቀመጥኩት። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አንድም ቀን ተከፍቶ አላየሁትም፣ ስጋውም እየሳሳ ነው። ምን ላድርግ?
ከዱባይ

መልስ፦ ወንድሜ እየተራበ ነው፣ ዛሬውኑ ጀምር። ላይት አይፈልግም ያሉህ ልክ ናቸው፣ ግን ግማሹን ነው የነገሩህ፣ ሰን ኮራል ውስጡ አልጌ የለውም ስለዚህ የሚበላው አንተ የምትሰጠውን ብቻ ነው። ማታ ፓምፕ አጥፋና የማይሲስ ጭማቂ ጠብ ጠብ አድርግበት፣ ሽታው ሲደርሰው ከ20 ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይከፈታል፣ መጀመሪያ ቀን ላይከፈት ይችላል በማግስቱም ድገመው። ሲከፈት እያንዳንዱን ፖሊፕ ለየብቻ አጉርሰው፣ አንዱ በልቶ ሌላው ይጠግባል ብለህ አትተወው፣ ያልጎረሰው ነው መጀመሪያ የሚከሳው። አሳና ሽሪምፕ እየነጠቁ ካስቸገሩ የፕላስቲክ ጠርሙስ አናቱን ቆርጠህ እንደ ድንኳን ድፋበት። እስኪያገግም በየቀኑ፣ ከዛ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ እድሜ ልኩን። ምግቡ ፎስፌት ስለሚጨምር የውሃ ቅየራህን አታሳልፍ። አንድ የምለምንህ፣ ደህና ከሆነ በኋላ ቀለሙ ማርኮህ ዴንድሮኔፍትያ የሚባለውን ካርኔሽን ኮራል እንዳትገዛ፣ እሱ ደቃቅ የባህር ፕላንክተን ሳይቋረጥ ነው የሚፈልገው፣ ቤት ውስጥ አብዛኛው በወራት ውስጥ በረሃብ ይሞታል፣ ይሄን እያወቁ የሚሸጡ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ጥያቄ፦ በክረምት ዕረፍት ልጆቼን ይዤ ኢላት ልሄድ ነው። ባህር ዳር የወደቀ ኮራል ካገኘን ለታንካችን ድንጋይ ይሆናል?
ከአሽዶድ

መልስ፦ አይሆንም እህቴ፣ እስራኤል ውስጥ ኮራል በህግ የተጠበቀ ነው፣ የሞተውም ቁራጭ ቢሆን ማንሳት ክልክል ነው። ይልቅ ልጆቹን የውሃ ውስጥ ኦብዘርቫቶሪው ጋ ውሰጃቸው፣ በመስኮቱ ከድንጋዩ ላይ ሳይሆን ከድንጋዩ ስር ምን እንደበቀለ እያሳየሻቸው ፎቶ አንሱ፣ ስትመለሺ ፎቶውን ላኪልኝና ከዛ ውስጥ የትኛው አይነት በፍራግ እንደሚገኝ አብረን እናያለን።