አዲሱ ሲስተም ሙስናን ይቀንሳል ወይ? ለእህታችን ጥያቄ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በዞን ፋይናንስ መምሪያ የምትሠራው እህታችን ትናንት ያነሳችው ጥያቄ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ብመልስ እንደማትከፉ አምናለሁ። ላላያችሁት፣ ጥያቄዋ ይህ ነው፦ «መሥሪያ ቤታችን ግዥና ክፍያን በኮምፒውተር ሊያደርግ ነው። ይሄ በእውነት ሙስናን ይቀንሳል ወይስ ሌላ ወጪ ነው? የብዙ ዓመት ሰነድ ተከምሮ አለ፤ ምን እናድርግበት?»

እህቴ፣ ይቀንሳል። እኔ በግዥ ክፍልም በውስጥ ኦዲትም ሠርቻለሁ፤ ሲቀንስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሲስተም ገብቶ ምንም ያልተለወጠበት ቦታም አውቃለሁ። ልዩነቱን ያመጣው የሶፍትዌሩ ዋጋ አልነበረም። መረጃውን ማን ያስገባል፣ የገባውንስ ከአስገቢው ሌላ ማን ያየዋል የሚለው ነው።

ከሰነዱ ክምር ልጀምር፤ ለእሱ አዲሱን ሲስተም መጠበቅ አያስፈልግሽም። እኛ ያደረግነው የፕሮፎርማ ግዥዎችን፣ ማለትም ከጥቂት ድርጅቶች የዋጋ ማቅረቢያ ተሰብስቦ የሚፈጸሙትን፣ ፋይል ከመዝገብ ቤት አውጥተን ኤክሴል ላይ ማስፈር ነበር። አሸናፊውን ብቻ ሳይሆን የተሸነፉትንም ጽፈናል። አብዛኛው መሥሪያ ቤት የሚመዘግበው ያሸነፈውን ነው፤ ታሪኩ ያለው ግን ተሸናፊዎቹ ዘንድ ነው። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የድርጅቱን ስም፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ ያቀረበውን ዋጋና የፕሮፎርማውን ቀን፣ ከዚያም ግዥውን የጠየቀውን የሥራ ክፍልና ፕሮፎርማውን የሰበሰበውን ሠራተኛ ጻፉ። ስትፈልጊ በስም አትመኚ፤ አንዱ ድርጅት አንድ ቦታ «ኃይሌ»፣ ሌላ ቦታ «ሀይሌ»፣ ሦስተኛው ቦታ «ሐይሌ» ተብሎ ስለሚጻፍ ኮምፒውተሩ ሦስት ድርጅት አድርጎ ይቆጥረዋል። በቲን ፈልጊ።

ያን ጊዜ የሚታየው ነገር ያስደነግጣል። ሦስት ድርጅቶች ብቻ ለአንድ የሥራ ክፍል እየተፈራረቁ ሲያሸንፉ አገኘን። ዛሬ አንደኛው፣ በሚቀጥለው ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ተመልሶ አንደኛው። የተሸናፊዎቹ ዋጋ ሁልጊዜ ከአሸናፊው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። የሦስቱንም ፕሮፎርማ ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ የዕቃ ስም ሦስቱም ላይ በአንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ተጽፏል። ሦስቱን ያዘጋጀው አንድ እጅ ነበር ማለት ነው። አንድ ፋይል ለብቻው ሲመረመር ሕጋዊ ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ዝቅተኛው ዋጋ አሸንፏል። ኦዲተር ፋይሉን ቲክ አድርጎ ያልፈዋል። ጥፋቱ የሚታየው ፋይሎቹ ሲገናኙ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ግልጽ የሆነልን የግዥ መከፋፈል ነው። በአንድ ጊዜ ቢገዛ ግልጽ ጨረታ የሚያስወጣ ዕቃ ከፕሮፎርማ ጣሪያው ትንሽ ዝቅ እያለ በሳምንት በሳምንት ልዩነት ሲገዛ፣ በቀንና በዋጋ ደርድረሽ ስታዪው ራሱ ይናገራል።

ነገር ግን እባክሽ ዝርዝሩን ይዘሽ ሰው አትክሰሺ። እኛ ዘንድ ብዙ ድርጅቶች በአንድ ስልክ ቁጥር ተመዝግበው ተገኙና ቡድኑ «ተያዙ!» ብሎ ነበር። ሲጣራ ስልኩ ለአካባቢው ትናንሽ ነጋዴዎች የግብር ሰነድ የሚያዘጋጅ የሒሳብ ባለሙያ ሆነ። ዳታ የት መቆፈር እንዳለበት ይጠቁማል፤ መቆፈሩ ግን የሰው ሥራ ነው። ንጹሕ ሰው በኤክሴል ምክንያት ስሙ ከጠፋ ደግሞ ሁለተኛ ማንም አይሰማችሁም።

ይህ ማገናኘት የሚባለው ነገር በትልቅ ደረጃም ይሠራል። ናይጄሪያ የመንግሥት ሠራተኞችን የደመወዝ ዝርዝር ከባንክ መለያ ቁጥር ጋር አስተያይታ በፈረንጆቹ 2016 ወደ 24 ሺህ የሚጠጉ በሕይወት የሌሉ ወይም ፈጽሞ ያልነበሩ «ሠራተኞችን» ከደመወዝ መዝገብ ሰረዘች። እኛም ዘንድ የባለሥልጣናት የሀብት ምዝገባ አዋጅ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በእኔ እምነት ምዝገባው ጥርስ የሚያወጣው ከመሬት፣ ከተሽከርካሪና ከንግድ ምዝገባ ጋር ሲመሳከር ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ሲስተም። እዚህ ላይ የአዲስ አበባን የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ማስታወስ ግድ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 ቤቶች በኮምፒውተር ዕጣ ወጣ። በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። አስተዳደሩ እንዳስታወቀው ቆጥበው ለዕጣው ብቁ የሆኑት ወደ 79 ሺህ ገደማ ሲሆኑ ሲስተሙ ውስጥ የገባው ስም ግን ከ172 ሺህ በላይ ነበር። ዕጣው በድጋሚ የወጣው በኅዳር 2015 ነው። ዓመታት ከልጆቻቸው ጉሮሮ ነጥቀው የቆጠቡ እናቶች ያን ሳምንት ምን እንደተሰማቸው ሳስበው አሁንም ያመኛል። ከቴክኒኩ አንጻር ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ይህን ለመያዝ የረቀቀ ፕሮግራም አያስፈልግም ነበር። ቁጠባውን የያዘው ባንክ የላከው ቁጥርና ሲስተሙ የያዘው ቁጥር እኩል ነው ወይ ብሎ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት የሚጠይቅ፣ ሲስተሙን ለያዙት ሰዎች የማይታዘዝ አንድ ታዛቢ ይበቃ ነበር።

ስለዚህ መሥሪያ ቤትሽ ውል ከመፈረሙ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ማን መቼ ምን እንዳስገባና እንደለወጠ የሚይዘው የለውጥ መዝገብ አለ ወይ? መዝገቡን የሲስተሙ አስተዳዳሪ ራሱ ማጥፋት ይችላል? ከቻለ መዝገብ አይባልም። ቅጂው በየቀኑ ሌላ አካል ዘንድ፣ ለምሳሌ ኦዲት ጽሕፈት ቤት፣ ይቀመጥ። የይለፍ ቃል በጋራ መጠቀም ይቁም፤ «በእሷ ኮድ ነው የገባው» የሚል ሰበብ ስንት ጉዳይ እንዳከሸፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ዳታውን ሙሉውን በኤክሴል ማውጣት እንደምትችሉ ደግሞ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ የራሳችሁን መረጃ ከአቅራቢው ድርጅት ስትለምኑ ትኖራላችሁ።

ሲስተሙ ከገባ በኋላስ? ሙስናው ሌላ በር ይፈልጋል። እኔ ባየሁት በብዛት የሚሸሸው ወደ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ወደ ዝርዝር መግለጫው ነው፤ ስፔሲፊኬሽኑ አንድ አስመጪ ብቻ የሚያሟላው ሆኖ ይጻፍና ከዚያ በኋላ ያለው ጨረታ ሁሉ በኮምፒውተር ንጹሕ ሆኖ ይካሄዳል። ሁለተኛው ከሲስተሙ ውጭ ነው። «ኔትወርክ የለም»፣ «አስቸኳይ ነው»፣ «የበላይ ትእዛዝ ነው» እየተባለ በቀጥታ ግዥ ይወጣል።

ዩክሬን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በፈረንጆቹ ከ2014ቱ አብዮት በኋላ በጎ ፈቃደኞች የጀመሩት ፕሮዞሮ የሚባል የግዥ ሥርዓት በፈረንጆቹ ነሐሴ 2016 ለሁሉም የመንግሥት ግዥ ግዴታ ሆነ። የተሸናፊውን ሰነድ ሳይቀር ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ዶዞሮ በሚባለው ሌላ ገጽ ደግሞ ዜጎች የተጠራጠሩትን ጨረታ ይጠቁማሉ። ጦርነቱ ሲመጣ የመከላከያ ግዥ ከሕዝብ ዓይን ተሰወረ። በፈረንጆቹ ጥር 2023 አንድ ጋዜጠኛ የመከላከያ ሚኒስቴሩን የምግብ ውል አውጥቶ ሲያሳይ ኪየቭ ሱቅ ውስጥ 7 ሂርቪኒያ (የዩክሬን ገንዘብ) ገደማ የሚሸጠው እንቁላል በ17 ሂርቪኒያ ተመኑ ተቆርጦ ተገኘ። ምክትል ሚኒስትሩ ለቀቁ። ክፍት በነበረው በኩል እንዲህ ያለ ዋጋ ሰንብቶ አያድርም ነበር፤ የበላው የተዘጋው በር ነው። እናንተም በየወሩ ከሲስተሙ ውጭ የተፈጸመው ግዥ ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ፣ ማን እንደፈቀደውና በምን ምክንያት እንደሆነ ለይታችሁ መዝግቡ። ከሁሉም ሪፖርት በፊት የምከፍተው ያንን ነው።

የመጨረሻው ነገር ስለ አንቺው ነው። ያገኘሽውን ነገር በጥያቄ መልክ ጻፊው፤ «ተሰርቋል» ሳይሆን «እነዚህ ሦስት ድርጅቶች ለምን ይፈራረቃሉ?» በይ። ለቅርብ አለቃሽና ለኦዲት በአንድ ቀን፣ በቁጥርና በማኅተም ወጪ ደብዳቤ አድርጊው፤ ቅጂውም ይኑርሽ። በቃል ብቻ የተነገረ ነገር ነገ አልሰማሁም ይባላል። የሚያስፈራሽ ሰው ቢመጣ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 699 ነው፤ ሳይደርስብሽ በፊት አንብቢው። የኤክሴሉን ዓምዶች ባዶውን አዘጋጅቼ እዚሁ ግሩፕ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ስትሞሉት የገጠማችሁን ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።